ሲራራው ሞልቶ የሄደበት ሳምንት

ነሐሴ 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00፣ ሱቅ

መጋዘኔ እንደገና ሞላ። ላሞቹ ቆመው ያዩኛል፣ ወተቱን ማስገቢያ የለም። ስልኩ ደግሞ በቀይ ጽፎ «ቦታ የለም» ይለኛል። አውቃለሁ እኮ! የሞላሁት እኔው ነኝ።

በምን ሞላ? በቅቤ። ፍልሰታ ነው፤ እኔ ሽሮና ጎመን፣ መንደሬ ቅቤ በቅቤ።

ደብተሬ፣ ታውቂኛለሽ። በእውኑ ዓለም የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ። ሶዶ ክረምቱ ከገባ ሰው ከቤት አይወጣም፤ እኔም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ውስጥ መንደር እገነባለሁ። እርሻ አለኝ፣ ወፍጮ አለኝ፣ ዕቃ የሚያመላልሱ ተሸካሚዎች አሉኝ። ባሌ ደሳለኝ «የልጅ ጨዋታ» ይላል። እሱ ኳስ ፊት ተጎልቶ ሲጮህ የሽማግሌ ሥራ ነው?

ቡድናችን «ዳሞታ» ይባላል። አራት ነን። እኔ። ዶ/ር ያሬድ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም። ማርታ፣ ቦምቤ የምታስተምር የድሮ ደንበኛዬ። አለቃችን ደግሞ እትዬ አስቴር፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ ኦቶና ሆስፒታል መሄጃ ላይ ፋርማሲ ያላት። ከዚህ በኋላ እ.አ. ብዬ ነው የምጽፋት። ሙሉ ስሟን መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።

በየሳምንቱ ሲራራ ይመጣል። በቅሎዎቹን እስከ እሁድ ማታ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ማርና ጨርቅ መጫን አለብን። ሞልቶ ከሄደ ቡድኑ ደረጃ ያድጋል። ሞልቶ ሄዶ አያውቅም።

ጥፋቱ የማን ሆነ? የእኔ! እ.አ. ጠዋት ቴሌግራም ላይ በሰው ሁሉ ፊት ጻፈችው። አንዳንድ ሰው መጋዘኑን በማይረባ ነገር ያጭቃል፣ ሳንቃና ሚስማር ፈልጎ አያሰፋም፣ በዚህ እሁድም ሲራራው ጎድሎ ከሄደ ያንን ሰው ከቡድኑ አስወጣለሁ አለች። «አንዳንድ ሰው» እኔ ነኝ። ቡድኑ ውስጥ ያለነው አራት ብንሆንም ግሩፑን የባሌ ዘመድ አዝማድ በሙሉ ያነበዋል። በእነሱ ፊት በአማቾቼ ልጅ ከመባረር መንደሬን በእጄ ባቃጥል ይሻለኛል።

ሚስማር ደግሞ ከየት ይመጣል? ለራሷም የላትም።


ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬ የእውነቱ ቅቤ ቀን። የሰፈር ሴቶች መጥተው ነበር። ለመስቀል፣ እዚህ ጊፋታ ለሚሉት፣ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ቅቤ እያመጡ አንድ ቤት ያስቀምጣሉ። በዓሉ ሲደርስ ይካፈላሉ። ማሰሮው ያለው እኔ ቤት ነው።

አዎ፣ እኔ ቤት። አያቷ ከሸዋ የመጣ ሴት ቤት! አስቀማጯ አማቴ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሲደክሙ ማሰሮውን ለልጃቸው ለእ.አ. ይሰጣሉ ሲባል ለእኔ ሰጡኝ። እ.አ. ያኔ ከማኅበሩ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የመስቀል ቅቤዋን ከገበያ ትገዛለች፤ እኔን ደግሞ «ነጋዴዋ» እንጂ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ሴቶቹ ሲጫወቱ ሰማሁ። ቅቤው እኔ ቤት፣ የበሬው መዋጮ ሌላ ቤት፣ በርበሬው ሌላ ቤት። ሁሉንም የሚይዝ ማንም የለም።

ብድግ አልኩ። ሴቶቹ ምን ነካሽ አሉኝ። ምን ነካኝ? መልሱ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጦ! ለአራታችንም መጋዘን የጠበበን ሁላችንም ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለያዝን ነው። እንከፋፈል! ቅቤ እኔ ጋ። ዱቄት ማርታ ጋ። ማር ለጎጃሜው፣ ያምርበታል። ጨርቅ እ.አ. ጋ። የቀረውን ሁሉ ገበያ አውጥቶ መሸጥ። ሚስማርም ሳንቃም አያስፈልግም።

ዶ/ር ወዲያው እሺ አለ። ማርታም እንደዚያው። እ.አ. ግን አንዱ ቢጠፋ ሁላችንም ገደል ገባን ማለት ነው ብላ ሞገተች። ደግሞስ ስለ ቅቤ አቀማመጥ እኛን የምታስተምረን ከየት መጥታ ነው አለች። ነደደኝ። ማሰሮው የማን ቤት እንደሆነ ልጽፍላት ጣቴ በላኝ፤ ዋጥኩት። በመጨረሻ አንድ ሳምንት ብቻ ፈቀደች። ካልተሳካ እኔ ከነቅቤዬ ውጪ።

ይሁና!


ነሐሴ 7፣ ሐሙስ፣ 12፡00 ማታ

መንደሬን አፈረስኩ።

ቅቤ ብቻ ልይዝ ከሆነ ቶሎ ቶሎ መምጣት አለበት። ተሸካሚዎቼ ደግሞ ግማሹን ቀን በመንገድ ይጨርሳሉ። ለምን? መጋዘኑን ለወግ መግቢያው ላይ ገትሬ፣ ላሞቹን ከወንዙ ማዶ። መሃሉ አበባና አስፋልት። ያየ ሁሉ ሲያደንቀው ኖሯል፤ ወተቱ ግን በእግሩ ይደክማል።

እንዴት ልሥራው ስል የአማቴ ግቢ ትዝ አለኝ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለው። ከብቱ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር። እንሰቱ እዚያው ጓሮ፣ ፍጉ ከበረት በእጅ የሚደርስበት። እህሉ ራቅ ብሎ ወደ ታች። ከፊት ለፊት ሰው የሚቀመጥበት ለምለም ሣር። አንድም ነገር ያለ ምክንያት አልተቀመጠም።

ልክ እንደዚያ አደረግኩት። በረቱን ከቤቱ፣ መናጫውን ከበረቱ፣ መጋዘኑን ከመናጫው አስጠጋሁ። ጨዋታው እንሰት አያውቅም፤ ሙዝ ተከልኩና እንሰት ነው ብዬ ማልኩ።

ደሳለኝ በትከሻዬ በኩል አየ። የእማዬ ግቢ እኮ ነው አለ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ (እሱ! የልጅ ጨዋታ ባዩ!) የአቮካዶዋን ዛፍ ከሣሩ በስተቀኝ ተከለ። እሷ የምትቀመጠው እዚያ ሥር ነበር አለኝ።

ቅቤው አሁን ይጎርፋል። ኮራሁ፣ ደብተሬ። አፌን ሞልቼ ነው የምልሽ፣ ከዚህ የተሻለ መንደር ያለው ይምጣ።


ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡00፣ የመልስ ሚኒባስ ውስጥ

ፊደሌ ቢዘል መንገዱ ነው።

ማርታ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፋች። ስልኳ ዝግ። ዱቄቱ በሙሉ እሷ ጋ! እ.አ. «አላልኩም?» ብላ ጻፈች። ሁለት ቃል እንኳ አልሞላም፤ ግሩፑ በሙሉ በሳቅ ምልክት ተሞላ።

የገበያ ቀን ነው። ሱቄን ዘጋሁ። ጎረቤቴ ልቅሶ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዱቄት ፍለጋ ነው አልኳት፣ እውነቴን ነው። በአረካ በኩል ቦምቤ። ጭቃው አይወራ።

ማርታ ደጇ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። መብራት ከጠፋ ቀናት ሆኖታል፣ ስልኳ ሞቷል። ስታየኝ ሰው የሞተ መስሏት ጮኸች! ፓወር ባንኬን ሰጠኋት። ስልኩ ነፍስ ዘራ። መንደሯን ከፈተች።

ዱቄት እስከ ጣሪያው! ለዱቄቱ ቦታ ብላ የምትወዳቸውን በጎች ሳይቀር ሸጣቸዋለች። ቃል ቃል ነው አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ኔትወርክ ፍለጋ ሁለታችን ቁልቁል ወርደን አስፋልቱ ጥግ በአንድ ጥላ ሥር ቆመን ጫንነው። አላፊው ሁሉ እያየን። ልቤ ቅቤ ጠጣ፣ በፍልሰታም ቢሆን።

ለእ.አ. አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ። «ዱቄት ገብቷል።»


ነሐሴ 10፣ እሁድ፣ ከሰዓት 9፡00

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኬን ከፈትኩ። ቅቤ ሙሉ። ዱቄት ሙሉ። ማር ሙሉ፣ ተባረክ ጎጃሜ።

ጨርቅ ግማሽ።

ግማሽ! የእ.አ. ድርሻ!

መንደሯን ልጎበኝ ገባሁ። ያው ነው፤ ምንም አልሸጠችም። ከማሩም ትንሽ፣ ከዱቄቱም ትንሽ፣ እኛን ሳታምን ከሁሉም ከሁሉም ይዛለች። ጨርቁን የምታስቀምጥበት ቦታ አልቀረላትም።

ደሜ ፈላ። ረጅም ነገር ጻፍኩ፣ ግሩፑ ላይ። «ነጋዴዋ» ከሚለው ጀምሬ እስከ ዛሬው ድረስ። ልልከው ስል ጥግ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ቅቤ። ለብቻዋ፣ እንደ ማኅበሩ ሴቶች ትንሽ ትንሽ እያደረገች ያጠራቀመችው። ሲራራው ከእሷ ያልጠየቀው፣ ማንም ያልጠየቃት።

አንጀቴን በላችኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የጻፍኩትን አጠፋሁት፣ ሆድ ይፍጀው።


እሁድ፣ 11፡30

ከጭነት የተረፈ ቅቤ ነበረኝ፣ ኩራቴ። ሁሉንም ገበያ አወጣሁት። በርካሽ ሸጥኩ፣ ጨርቁን በውድ ገዛሁ። የትም አገር ያለ ነጋዴ ቢያየኝ ያለቅስልኛል። ጫንኩት።

ሞላ! በቅሎዎቹ ተንቀሳቀሱ! ጮህኩ፣ ደሳለኝ ጮኸ፣ ጎረቤት ጎል ገባ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ዶ/ር አለቃችንን አመሰገነ። ማርታም አለቃችንን አመሰገነች። ጎዶሎውን ማን እንደሞላ የሚታየው ለአለቃዋ ብቻ ነው። አለቃዋ ምንም አልጻፈችም። እኔም።


ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ፣ ሱቅ

እ.አ. መጣች። እዚህ! ሱቄን ረግጣ አታውቅም። ባልዲ እፈልጋለሁ አለች። አሳየኋት። ሌላ አሳየኋት። አገላበጠች፣ ቀለሙን ተቸች፣ ክዳኑን ተቸች። እንደ ልማዷ።

ከዚያ ባልዲውን ይዛ ቆመች። መንደርሽን አየሁት አለች። ዛፉን በስተቀኝ ትከዪ ያለሽ ማነው? ደሳለኝ ነው የተከለው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔም ጀሪካን የምደረድር መሰልኩ።

ስለ ጨርቁ ቃል አልወጣትም። አልጠበቅኩም። ወጥታ መንገድ ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ለዘንድሮው ጊፋታ ቅቤ ማኅበር ውስጥ መግባት ይቻላል ወይ አለች። ነጋዴዋ አላለችም። «አልማዝ» አለች።

ሴቶቹን እጠይቃለሁ አልኳት።


ነሐሴ 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ጠየቅኳቸው። ተንጫጩ። ማሰሮው ሊሞላ ሲል ማን ይገባል? ዓመቱን ሙሉ የት ነበረች? ልክ ናቸው። ሕጉ ሕግ ነው።

እኔም አልኳቸው፦ የእኔ ድርሻ ለሁለት ይከፈልላት። የከርሞውን ከመስከረም ጀምራ እንደሰው ታምጣ። አጉረመረሙ፣ ተስማሙ። አስቀማጯ እኔ ነኛ!

ደሳለኝ ሲሰማ ሻዬን እሱ አፈላልኝ። ይኼ ራሱ በዓል ነው።

አሁን በሩ ተንኳኩቶ ወጥቼ ተመለስኩ። እ.አ. በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። እስከ መስከረም አልጠበቀችም። ግቢ አልኳት፣ አልገባም አለች፣ ፋርማሲው ክፍት ነው። ማሰሮውን ብቻ ልይ አለች። አሳየኋት። ቅቤዋን በእጇ ጨመረች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ እጇን ክዳኑ ላይ ትንሽ አቆየች።

በደንብ ይዘሽዋል ብላኝ ሄደች፣ እትዬ አስቴር።

አዎ፣ ሙሉ ስሟን ጻፍኩ። ቀለም ሞልቷል።