የጨበጣው ሜዳልያ የሕይወት ታሪክ

ሐሙስ

…ይህን ሲነግሩኝ ሃምሳ አለቃ ግርማ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተው ነበር፤ መዳፋቸው ወደ ላይ። ጥይት አልቋል አሉ። ምሽጉ ጠባብ ነው። የተናነቁት ልጅ አንዱ የጫማ ማሰሪያው ቀይ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ አላስታውስም፤ ውኃ የጠየቁኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ይህ የምሽግ ታሪክ በሌላ ሰው ሬሳ ሳጥን ላይ ተነበበ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አንድ ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ። በዚህ ምክንያት የእድራችንን ሟቾች የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። አሥር አለቃ ተክሌ ትናንት አረፉ። ልጃቸው ሰናይት የትውልድ ቦታና የእናት ስም በወረቀት ይዛልኝ መጣች፤ ሜዳልያውንም በመሐረብ ጠቅልላ። በጨበጣ ውጊያ ለተዋጋ የሚሰጠው ነው። አወቅኩት። ሃምሳ አለቃ ግርማም ነበራቸው።

ስለ ጦርነቱ ጠየቅኳት። «አባዬ አይናገርም ነበር» አለች።

ከአራት ዓመት በፊት ለሃምሳ አለቃ ግርማ የጻፍኩትን ፋይል ከፈትኩ። ስሙን ቀየርኩ፣ የእናት ስም ቀየርኩ፣ የልጆች ቁጥር ቀየርኩ። መካከለኛውን አንቀጽ ተውኩት።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ በላቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው አነበቡ፤ ቀዩ ማሰሪያ ላይ ደረሱ። የሃምሳ አለቃ ግርማ ሚስት እትዬ ዘነበች ከቅጥሩ ሥር ቆመዋል። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። አንባቢውን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

ጊዜ አልነበረኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ነበረኝ።

ዓርብ

ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰው ያመሰግነኛል።

ጋሽ በላቸው፦ «ስሚ ሂሩት፣ እኔንም እንዲህ አድርገሽ ካልጻፍሽኝ አልቀበርም።»

አጠገባቸው ያሉት ጓደኛቸው፦ «መጀመሪያ ተዋጋ እንጂ። አንተ የተናነቅከው ከእድሩ ድስት ጋር ነው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሰናይት ወሰን ሰፈር ወርዳ ጽሑፉን አባዝታለች። አንዱን በላስቲክ አስለብሳዋለች። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «እትዬ ሂሩት፣ ለእኛ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ለእርስዎ መቼ ነገረዎት?»

«ለባዳ መናገር ይቀላል» አልኳት።

እስከዚያ ድረስ ስሕተት ነበር ልል እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አልችልም።

«እኔ እኮ ፈሪ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ይገባል። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼን ቤት አላመጣም ነበር፣ እንዳያዩት ብዬ።» ትከሻዬን ሳመችኝ። ተሳምኩ።

እትዬ ዘነበች በጓሮ በኩል ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ስጠጋ ተነሡና ቢላዋውን ይዘው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

ስለዚህ ሜዳልያ የማውቀውን ሁሉ ማታ ጻፍኩ። ሁሉም ከሃምሳ አለቃ ግርማ አፍ ነው። በመተኮስ አይገኝም፤ ጠላቱን በእጁ የያዘ፣ በሳንጃ የገጠመ ነው የሚያገኘው። በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች መፈረም ነበረባቸው፤ አዛዡ ከእነሱ በኋላ ነው የሚፈርመው። ሁለቱ ምስክሮች ከሞቱ ሜዳልያ የለም። ብዙዎች በዚህ ቀሩ። ብረቱ ቀላል ነበር፤ ክብሩ ከወረቀቱ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወረቀቱ ተቃጠለ። ሜዳልያውን ሽንት ቤት የጣለ አለ። ሃምሳ አለቃ ግርማ ፍራሽ ውስጥ ሰፍተው ተኙበት። አሁን ደግሞ ትራስ ላይ ሆኖ ከሬሳ ሳጥን ፊት ይሄዳል።

ያላየ አይፈርምም ነበር። እኔ ሳላይ ፈረምኩ።

ቅዳሜ

ሠልስት። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ወጣሁ። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ነው። ሁለት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። ልመለስም አስቤ ነበር።

ግቢ አላሉኝም፤ ተመለሺም አላሉኝም። ከሣጥን ውስጥ የፌስታል ጥቅል አወጡ። እኔ የሰጠኋቸው ወረቀት ነው፤ ማጠፊያው ላይ ተበልቷል።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ያነብልኛል። ታክስ ሊጠይቅ የመጣውን እንኳ አስነብቤዋለሁ።» ከዚያ ወረቀቱን ሳያዩ መካከለኛውን አንቀጽ በቃላቸው አሉልኝ። አንድ ቃል አልሳቱም።

«ግርማ የተቀበረ ቀን ዝናብ ነበር። ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። ጋሽ በላቸው እናሳጥረው ብለው ሁለተኛውን ገጽ ዘለሉት።

«ያን ቀን አልተነበበለትም። ሐሙስ ተነበበ። ለተክሌ።»

ወለሉን አየሁ። አንቀጹን ለአሥር አለቃ ተክሌ የሰጠሁበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ እሳቸው አያውቁትም እንጂ። ከጻፍኩት ሁሉ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ዝናብ በላብኝ ብዬ አራት ዓመት ተቆጨሁ፤ ለሃምሳ አለቃ ግርማ አይደለም፣ ለአንቀጼ። ሰው እንዲሰማልኝ ፈለግኩ። ሬሳ ተገኘ።

ይህን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ይቅርታሽ ለእኔ ምን ያደርግልኛል። ለልጅቷ ትነግሪያታለሽ።»

«ያኔ ከአባቷ ምን ይቀርላታል?»

«ይኼን ስትጽፊ ማሰብ ነበር።»

እሑድ

አንዱ ጽሑፉን የእድሩ ቴሌግራም ገጽ ላይ ለጥፎታል። ሰው ሻማና ልብ ይልክበታል። ከሥሩ እርማት ጽፌ አጠፋሁ። እንደገና ጽፌ አጠፋሁ። ሦስተኛው ጥሩ ሆኖ ወጣ፣ ያማረ ነበር፤ ስለዚህ እሱንም አጠፋሁት።

አራት ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው። ከቅዳሴ ነው የመጡት። «እንሂድ» አሉ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ክንዴን ያዙ፤ ለጉልበታቸው ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ሰናይት ግቢ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር። እሷ ውስጥ ናት። ግድግዳው ላይ የአባቷ ፎቶ፣ ከሥሩ ሜዳልያው፣ ከሜዳልያው ሥር በላስቲክ የተለበጠው ወረቀት።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ትናንት ያዘጋጀሁትን አላልኩም። «ሐሙስ የተነበበው የአባትሽ ታሪክ አይደለም። የሃምሳ አለቃ ግርማ ነው፤ የእትዬ ዘነበች ባል። አባትሽ ለእኔ ምንም አልነገሩኝም። ዓርብ ዋሸሁሽ።»

ሰናይት እትዬ ዘነበችን አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን። 

«ታዲያ አባዬ ምን አደረገ?»

«አላውቅም።»

«በምን ሰጡት ታዲያ?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣችው። አልቀደደችውም፤ ላስቲክ ነው፣ አይቀደድም። ለእትዬ ዘነበች በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እሳቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ጽሑፉ ወደ ታች።

«ተክሌና ግርማ ይጨዋወቱ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አባትሽ ለግርማ የነገረው ነገር አለ። ግርማም ለእኔ ነግሮኛል።»

እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ማስታወሻዬ እዚያ ነው። እንዳደረግኩት ያወቅኩት ሁለቱም እጄን ሲያዩ ነው።

«አንቺ ውጪ ቆዪ» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ወጣሁ። ሰናይት ተከትላኝ እስከ በሩ ደፍ መጣችና ዘጋችው።