እናቴ በምን ሞተች?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገብረትንሳኤ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? በስልክ ድምፄን ሲሰሙ ስለሚደነግጡ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በወንድሜ በሙሌ ስልክ ልኬልዎታለሁ። መነጽርዎ ከጠፋ ደረት ኪስዎን ይዩ። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስለ አዲሱ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ከትምህርቴ ጎን ለጎን ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር እሠራለሁ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በዚህ በፍራንክፈርት ከተማ፣ በአንድ የሠራተኞች ሰፈር፣ በካንሰር የሞቱትን ሰዎች እንከታተላለን። የሞት መዝገቡን ከሐኪሞች ማስታወሻ ጋር ቤት ለቤት እናስተያያለን። ሰዎቹ ቁርጥ እኛን ናቸው። አንዲት ገና ያልሸመገለች ሴት በእርጅና ድካም ሞተች ተብሎ ተመዝግቧል። ሐኪሟ ግን የጡት እጢ ብሎ ጽፏል። ከዓመታት በኋላ ልጇ በዚያው ሕመም ስትታከም እናቷ በምን እንደሞተች ተጠይቃ፣ በእርጅና ብላ መለሰች። ይህን ሳነብ ስቄ ነበር፤ አይፍረዱብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሳቄ ጠፋ። ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ሐኪሜ ዳሰሰችኝ፣ በምስል አየችው፣ ናሙና ለመውሰድም ለማክሰኞ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሰጠችኝ። ከዚያ እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀችኝ። ምች መታት ያላችሁኝን ልናገር አልኩና፣ አባቴን ጠይቄ እመለሳለሁ አልኳት።

እኔ መርዶውን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሰው አገር እንዳልጨነቅ ተብሎ መታመሟ እንኳ አልተነገረኝም። በመጨረሻው ዓመት በቪዲዮ ስንነጋገር ነጠላዋን በአንድ ጎኗ አጥብቃ ትይዝ ነበር። ብርድ ነው ስትለኝ አመንኳት። እርስዎን ስጠይቅ ደግሞ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን ከቅያሜዬ ፍርሃቴ ይብሳል።

አባቴ፣ እባክዎ የት እንዳመማት፣ ሐኪሞቹም ምን እንዳሏችሁ ለሙሌ ይንገሩትና ከማክሰኞ በፊት ይደውልልኝ። ሐኪሜ ለሕክምናዬ እንደሚጠቅም ነግራኛለች። ቢያለቅሱም ግድ የለም፤ እኔም እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

አክስቴን እትዬ ጥላዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለሙሌና ለባለቤቱ ለሰገን፣ ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለታናሽ እህቴ ለዶርቃ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃትም። ከእኔ የደበቃችሁት ሩቅ ስለሆንኩ ነው። እሷ አጠገብዎ ናት። አስቀምጠው ይንገሯት፤ እሷም የእናቴ ልጅ ናት።

ልጅዎ ኑኃሚን
ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.