የማይመጡ ሰዎች ወንበር

ለማትረሳኝና ለማላመልጣት እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? የአባዬ ጉልበትና ደረጃው ታረቁ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? እህቴስ አሁንም መስታወቱን ለብቻዋ እንደያዘችው ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከፈተና በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ስልኩን ግን መሃል ላይ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም።

ባለፈው «አንተ ከሌለህ ዘንድሮ ገና የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም፤ ወንበርህንም ማንም አይነካት» ብለሽ ፈርደሽብናል። ይህ ደብዳቤ ይግባኝ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን በጥበቡ ፈተናውን የገና ማግስት ላይ ጣለው። ስለዚህ ቤታችን መሄድ ያልቻልን አራት ጓደኛሞች ተሰብስበን በዓሉን አንድ ሳምንት አስቀድመን ልናከብር ወሰንን። አትቆጪ፣ ጾም አልገደፍንም፤ ከድንችና ከሩዝ ያለፈ ነገር አልቀመስንም። ስብሰባውን የመራው የሕግ ተማሪው ነው። «ዳኛው» እንለዋለን፤ ሻይ እንኳ የሚጠጣው ግራና ቀኙን አመዛዝኖ ነው። ከዚያ ሐኪሟ አለች፤ ገና አንደኛ ዓመት ብትሆንም ያስነጠሰውን ሁሉ ካላስተኛሁ ትላለች። አራተኛው አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ነው፤ ተኝቶም ስለሚያወራ «ሬዲዮ» ብለነዋል።

ችግሩ የጀመረው ሁሉም «በእኛ ቤት» ማለት ሲጀምር ነው። ሐኪሟ በእኛ ቤት እጁን እስከ ክርኑ ያልታጠበ ወደ ማዕድ አይቀርብም አለች። ዳኛው በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሳይናገር አይበላም አለ፤ ሲጣራ ትልቁ እሱ ሆኖ ተገኘ። እኔም ያንቺን አመጣሁ፤ በእኛ ቤት በበዓል ቀን ሩቅ ላለ ሰው ባዶ ወንበር ይቀመጥለታል አልኩ። ሐኪሟ እንኳ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ጉንፋን ነው አለች።

መስማማት እንዲህ ጉድ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም። አንዱ ለእናቱ ሲያስቀምጥ ሌላው ለአባቱ፣ አንዱ ለወንድሙ ሲል ሌላው ለአክስቱ፣ ሬዲዮ ደግሞ ለአያቱና ለአያቱ እህት፣ ከንባብ ክፍል ወንበር ስናግዝ ዋልን። በመጨረሻ የዶርሙ ሳሎን በሌሉ ሰዎች ጢም ብሎ ሞላ። ያለነው ሳህናችንን ይዘን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። እንቀመጥ ብንል የማን እናት ትነሣ?

በዚህ መሃል «ጋሼ» የምንላቸው የዶርሙ ጥበቃ የንባብ ክፍሉ ወንበር የት እንደገባ ሊያጣሩ መጡ። እንግዶቹ መቼ ነው የሚደርሱት ብለው ጠየቁ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ እንደማይመጡ አስረዳቸው። «እንግዲያው እግሬን አሞኛል» አሉና ዘፍ አሉ። የተቀመጡት ያንቺ ወንበር ላይ ነው፣ እማዬ።

ጋሼ ዙሪያውን ቃኙና ቀስ ብለው፣ «ላይ ፎቅ ስንቱ ልጅ ብቻውን ደረቅ ዳቦ ይገምጣል፣ እናንተ ለአየር ወንበር ታስቀምጣላችሁ?» አሉን። እኛ የሕግና የሕክምና ምሁራን ወለሉን አየን።

ሮጠን ሄደን በር ስናንኳኳ ቤታቸው ያልሄዱት አንድ በአንድ ወረዱ። ዳኛውም ክብሩን ለማዳን ወዲያው ደንብ አወጣ፤ በሰው ወንበር የተቀመጠ የባለወንበሩን ሥራ ይሠራል። ጋሼ እናትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ትቆጣኛለች አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ከስተሃል። ብላ» አሉኝ። ልክ እንዳንቺ፣ በዚያው ድምፅ። ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ሐኪሟ ሽንኩርቱ ከተከተፈ ቆይቷል ብላ ልትመረምረኝ ተነሣች። አንድ የሒሳብ ተማሪ አለ፣ ከገባን ጀምሮ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። የሬዲዮ አያት ወንበር ደርሶት መረቀን። ሲመርቅ አላቆም አለ፣ ሬዲዮ ራሱ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ከዛሬ ጀምሮ የእኛ የገና ወግ ይኸው ነው፤ በየዓመቱ እንዲህ ልናደርግ ተማምለናል።

አሁን ወደ ይግባኙ። በልብስ ማስጫ ገመድ የተኳረፍሻት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇን ከዳረች ወዲህ ቤቷ ብቻዋን ናት። ወንበሬ ላይ እሷን አስቀምጪልኝ። ደንቡ ስለሚያስገድዳት የእኔን ሥራ ትሥራ፤ ሦስቴ ጨምሩልኝ ትበል፣ ከዚያ «ጨው አነሰው» ትበልሽ። መልስ ሳትሰጪ እንደማታልፊ አውቃለሁ። አንዴ መልስ ከሰጠሻት ደግሞ ኩርፊያው አለቀ ማለት ነው።

አባዬን ጉልበቱን ስሚልኝ። እህቴን መስታወቱ እኔንም ናፍቆኛል በያት። ይህን ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሹፌሩን አጎቴን ሳይበላ እንዳትለቂው። ለድመቷም ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ከአልጋዬ ላይ ግን ትውረድ።

አደራ፣ የወንበሬ የግራ እግር እንደሚወላገድ አትርሺ፤ ከሥሩ ካርቶን አድርጊበት። ልብስ ሰፊዋ ብትወድቅ ሆን ብለሽ ነው ትላለች።

የማይከሳው ልጅሽ

ከዶርሙ ሳሎን፣ ካንቺ ወንበር ላይ
ታኅሣሥ 23