«ሕጉ አይፈቅድም» ያልኩሽ ቀን

ውድ እታለም፣

ባለፈው ቅዳሜ የምትሠሪበት ምግብ ቤት ድረስ መጥቼ ነበር። እጅጌሽን ሰብስበሽ ጓሮ ድስት ትፈትጊያለሽ፤ ጀርባሽን ነው ያየሁት። ልጠራሽ አስቤ ተውኩት። እንደ ሌባ ግድግዳ ታክኬ ተመለስኩ። ፊት ለፊት ያቃተኝን ነው አሁን የምጽፍልሽ።

አባባ የተወልን መሬት ትንሽ ነበረች። ሕጉ ደግሞ ከተወሰነ ልክ በታች መሬት አይቆረስም ይላል። አንቺ ባል አግብተሽ ሌላ ቀዬ ነበርሽ። መሬት ቢሮ ድረስ መጥተሽ «የሚያርሳት እሱ ነው፤ ለእሱ ትሁን» ብለሽ ፈረምሽልኝ። ስንወጣ «ብቻ ደጁን እንዳትዘጋብኝ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ።

ባልሽ ሞቶ የእንጀራ ልጆችሽ ሲያስወጡሽ በአንዲት ሻንጣ መጣሽ። መከር ነበር። እንግዳ ነኝ ሳትይ ባቄላውን ከእኛ ጋር ወቃሽ። ሚስቴ «እታለም ከመጣች ወዲህ ወገቤ ዐረፈ» ትል ነበር። አንድ ቀን ዓይንሽን ከሰፌዱ ሳታነሺ፣

«ከላይኛው ጥግ አንዲት ክፍል ቀልሼ፣ ትንሽ ጎመን ነገር ብተክልስ?» አልሽኝ።

«እኔ እምቢ ብዬ አይደለም እታለም፤ ሕጉ እኮ መቁረስ አይፈቅድም።»

«ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አልሽና ማበጠርሽን ቀጠልሽ።

አልዋሸሁሽም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ግን ያን ስናገር ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። እምቢ የሚልልኝ ሌላ አገኘሁ፤ እኔ ደግ ወንድም ሆኜ ቀረሁ። በማግስቱ ልጆቼን ስመሽ ስትሄጂ ሻንጣሽን እስከ መንገዱ ተሸከምኩልሽ፤ ያውም ያዘነ ሰው መስዬ።

ሚስቴ ግን አልተታለለችም። «ያባረራት ሕጉ ነው ወይስ አንተ? ሂድና ጠይቅ» አለችኝ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ስሸሽ ከረምኩ፤ መልሱን ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። የመሬት ቢሮዋ ሴትዮ ሰምታኝ ስታበቃ፣

«የተከለከለው መቁረስ ነው» አለችኝ። «በአንድ የመሬት ደብተር ሁለት ስም አስገብታችሁ አብራችሁ ብትይዙ ማን ከለከላችሁ?»

«ለእህትም ይሆናል?»

«ለእህት ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? እስካሁን የት ነበርክ?»

አላወቅሁም ልላት ነበር። ለማወቅም አልፈለግሁም ነበርና ተውኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ታሪኬን የሚያውቁ መሰለኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በእኔ በኩል ያለውን ፈርሜያለሁ። አንቺ ግን በአካል መቅረብ አለብሽ ተብሏል። ስምሽ ከገባ፣ ነገ ብንጣላ እንኳ ተነሺ የሚልሽ የለም፤ እኔም ጭምር። ሚስቴ የላይኛውን ጥግ ድንጋይ መልቀም ጀምራለች፤ እኔን ሳታማክር።

ባትመጪም አልፈርድብሽም። «አፍሮ ነው የሰጠኝ» ብትይም እውነትሽን ነው። ማክሰኞ እመጣለሁ። የሥራ ባልደረቦችሽ ቆመው ቢሰሙም፣ እዚህ የጻፍኩትን በአፌ እደግምልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።

በራሱ ያፈረ ታናሽ ወንድምሽ