የጎሚስታው ታደሰ ቤትና በውስጡ የሚቀሩት

እኔ ታደሰ ወልደሐና፣ በጭሮ ከተማ አስፋልት ዳር ጎማ በመጠገን የምታወቅ ሰው፣ ዛሬ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ይህን ቃሌን ስሰጥ አእምሮዬ ሙሉ ነው። ማስረጃ ከተፈለገ እዚህ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ በየቅጽል ስሙ ልጠራው እችላለሁ፤ ባለቤቶቹ ስለማይወዱት ትቼዋለሁ። ሰው አላስገደደኝም። ያስገደደኝ ፍርሃት ነው። ቃሌን የሚጽፈው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ቅዱስ ሲሆን፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ፣ ሰው ጣልቃ ቢገባም የተባለውን እንዲያሰፍር ነግሬዋለሁ።

ፍርሃቴን ላስቀድም። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቅሁ፤ ግማሽ አካሌ አልታዘዝ አለኝ። ሲሚንቶው ላይ ተዘርሬ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ይጮሃል፤ እጄ ግን አይደርስም። ኋላ ሲታይ የጮኸው የቤተሰባችን ቴሌግራም ነበር። አዳማ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ሮቤል ጽጌረዳ ልኮ «መልካም ቀን፣ ውድ ቤተሰብ» ብሏል፤ ሌሎቹም አሜን ብለዋል። ያነሣችኝ የጓሮዬን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው፣ ቅመም ነጋዴዋ ሰዓዲያ ናት። ከገበያ ስትመለስ ድምፄን ብታጣ በሩን ገፍታ ገባች። ሐኪሙ «ሊደገም ይችላል» ብሎኛል። ሞትን አልፈራም ብል ውሸት ነው፤ ከሞት ይልቅ ግን ያንን ሲሚንቶ እፈራለሁ።

የእህቴ ልጅ ሚካል ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ታስተምራለች። ትታቸው የሄደችውን መጻሕፍት ደንበኛ ሲጠፋ ጎማ ላይ ተቀምጬ አነብባቸዋለሁ። እንደገባኝ ምሁራኑ ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ቤተሰብ እየፈረሰ ነው ይላል፦ ልጆች ይበተናሉ፣ ትዳር ይዘገያል፣ ሽማግሌ ብቻውን ይቀራል። ሌላው ወገን አልፈረሰም፣ መልኩን ለወጠ እንጂ ይላል። ሚካል ከሁለተኛው ወገን ናት፤ አሁንም አጠገቤ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች።

«ጋሼ፣ ድሮ የሚሉት ቤተሰብ እኮ እናትዎን ሳይጠይቅ የዳረ ነው» አለች። «ከገጠር ከቦኬ በእግራቸው የጠፉት ለምን ነበር?»

«ልክ ነሽ። ለድሮው አላለቅስም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?»

«መልኩን ሲለዋውጥ እኔን ማንሣት እንዳይረሳ ነዋ።»

ራሷን መነቅነቋን ተወች። መተዋ ይጻፍልኝ፤ ብርቅ ነው።

ሱቁን ከነኮምፕሬሰሩና ከነክሪኩ ለሮቤል ሰጥቻለሁ። ከስልክ የከበደ ነገር ሲያነሣ ሳላይ መሞቴ ይቆጨኛል። አባቱ በሞተ ዕለት ጎማዎቹ መካከል ተሸጉጦ ያገኘሁት ልጅ ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰሞኑን ለሰዓዲያ ደውሎ «ጋሼ አንድ ነገር ቢሆኑ ክርክር እንዳይነሣ ክፍሉን በጊዜ ልቀቂ» ብሏታል። በክፋት አይደለም፤ ነገር ቀድሞ ማስተካከል ይወዳል። እርሷም ሚኤሶ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። «ቤቱ የኔ ነው፣ ተቀመጪ» ብላት «ከእርስዎ በኋላ ዕቃዬ ደጅ ከሚጣል ዛሬ ብወጣ ይሻለኛል፣ ጋሼ» አለችኝ። እርሷ ከወጣች ድምፄ መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው የለም።

ዋናውን ቤት ለሚካል ሰጥቻለሁ። ስለ ቤተሰብ ስትጽፍ ቢያንስ አንዱን ከውስጥ ሆና ትየው።

የጓሮውን ክፍል ከነመግቢያው ለሰዓዲያ ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ቅዱስ እስክሪብቶውን አቆመ። «ጋሼ፣ እርሷን አራተኛ ምስክር ብለው አስይዘውኛል። ምስክር ከኑዛዜው መጠቀም አይችልም። አንዱን ይምረጡ።»

ሰዓዲያ ተነሣች። «ሱብሃነላህ፣ እኔ ለምስክርነት ነው የመጣሁት። ዘመዶችዎ እያሉ እኔን ምን አገባኝ? ምስክርነቱ ይብቃኝ።»

ምስክር ሆና ከፈረመች ክፍሉ ይቀርባታል፤ ነገም ዕቃዋ ተጭኖ ይሄዳል፤ እኔም ከሲሚንቶው ጋር እቀራለሁ። የምቀልደው ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«ተቀመጪ፣ ሰዓዲያ» አለች ሚካል። ወጥታ መንገድ ላይ ያገኘችውን የባጃጅ ሹፌር አብዱናስርን ይዛ ገባች።

«ለምን እንደምፈርም ልወቅ እንጂ እፈርማለሁ» አለ። «ያለፈው የፈረምሁት ቅጣት ነበር።»

ቅዱስ ከመጀመሪያው አንሥቶ አነበበለት። ሲጨርስም «የሰዓዲያ ዝምድና ምን ተብሎ ይግባ?» ሲል ጠየቀ።

ሚካልን አየኋት። «ቤተሰብ በል» አለችው።

«አይሆንም» አለች ሰዓዲያ። «ቤተሰብ ካላችሁኝ እኔም ጽጌረዳ መላክ እጀምር ይሆናል።» ሚካል አፏን ሸፍና ሳቀች። «ጎረቤት በሉ። ጎረቤት በእኛ ሃይማኖት የሚከበር ሐቅ አለው። ጠዋት ደህና አደሩ ወይ ሳልል ገበያ አልወጣም።»

«ትቀመጫለሽ ማለት ነው?» አልኋት።

«ዕቃውን ማን ሊፈታው ነው ታዲያ? እርስዎ?»

ጎረቤት ተብሎ ተጻፈ።

ስሞት ሮቤል የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ደርሶ እንዳይመለስ፤ እስከ ሠልስት ፍራሽ ላይ ይቀመጥ። ሰዓዲያ አጠገቡ ብትቀመጥ «ማን ናት?» ለሚል ሰው መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ይህ ቃል በእኔና በምስክሮቹ ፊት ተነብቦልን ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ምስክሮች፦
ወ/ሮ ፈለቀች፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ — ፈርመዋል
አቶ ሙሜ፣ የጫት ነጋዴ — ፈርመዋል
መምህር በድሪ፣ ጡረተኛ — ፈርመዋል
አብዱናስር፣ የባጃጅ ሹፌር — ፈርሟል

ተናዛዥ፦ ታደሰ ወልደሐና። ሚካል እጄን ልትደግፍ ብትመጣም አልፈቀድሁም። ፊርማዬ ስለተንቀጠቀጠ አእምሮው ተናውጦ ነበር የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ ፈርቶ ነበር ተብሎ ይመለስለት።