በፀሐይ ደብተርሽ ኅዳግ ላይ

ትርንጎዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። ሰው ሁሉ «ዓመት ሊሆናት ነው» ይላል፤ እኔ ግምት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ልጽፍልሽ የተነሳሁት ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም። ተናድጃለሁ። ከንዴቱም በላይ ቀንቻለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ የፊዚክስ መምህር ሆኜ፣ አፈር በለበሰች ሚስቴ እቀናለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ቤዛ ደሴ ሥራ ይዛለች። እሑድ እሑድ እየደወለች «በላህ?» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ያንቺ ስለሆነ ቶሎ አልመልስላትም። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ አድጎ ምሥራቁን ሸፍኖታል፤ ፀሐይ ከአሸተን ተራራ ብቅ ካለች በኋላ ግቢያችን እስክትደርስ ሃያ ደቂቃ ታስጠብቀኛለች። ቅርንጫፉን እንዲመለምለው ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «መምህር፣ ፀሐይቱ ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የምትወጣው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልለውም።

በለቅሶሽ ቀን ያደረግኩትንም ልናዘዝልሽ። አልቃሿ «ነቁጥ የሌለባት ፀሐይ» እያለች ስታሞግስሽ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ፀሐይ ነቁጥ አለባት! ባለፈው ወር እንኳ አራት ነበሩባት፤ ትርንጎ ራሷ ሥላቸዋለች» አልኩ። እህትሽ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። አንቺ ብትኖሪ ግን በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ትስቂ ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቴሌስኮፑን ወደ ቤታችን ያመጣው ሲሳይ መሆኑን አልረሳሁም፤ አስጎብኚው ሲሳይ፣ የሰፈርሽ ልጅ፣ አብሮ አደግሽ። የቀለበቱ የፀሐይ ግርዶሽ በከተማችን ላይ ባለፈበት ዓመት፣ ከአንድ እንግዳው የቀረለትን ትንሽ መሣሪያ ተሸክሞ መጣና «ለመምህር ይሁን» አለ። እኔ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ነውና፣ ሰማዩ በጠራ ጠዋት ሁሉ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ እንተክለው ጀመር። በዓይን ማየት ክልክል ነው ብዬ ሕግ አወጣሁ። ብርሃኑን ከመሣሪያው በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በነጭ ካርቶን ላይ እንጥለዋለን፤ ያቺ ግዙፍ ፀሐይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሆና ትወርድልናለች።

እኔ በማስመሪያ እለካለሁ፣ አንቺ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ በእርሳስ ትሥያለሽ። የፀሐይዋን ነጥብ ጥቁር እምብርት፣ በዙሪያው እንደ ሽፋሽፍት የተሰደሩትን ግራጫ ጭረቶች፣ ከጠርዙ አጠገብ ነጣ ነጣ ብለው የሚታዩትን ቀጫጭን ክሮች ሁሉ ትለቅሚያቸው ነበር። ዲግሪው የእኔ ነው፤ ከሰዓሊው አባትሽ የተወረሰው እጅ ግን ያንቺ ነበር። በዚያም ቀንቻለሁ፤ አሁን ልደብቅሽ አልችልም። ስለዚህ ስህተት እፈልግብሽ ነበር። «ይኼ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ሸሽቷል» ስልሽ፣ «የሸሸችው እሷ ናት፤ እኔማ እዚሁ ተቀምጫለሁ» ትዪኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሳይ ይመጣል። ከካርቶኑ ማዶ፣ ከፊት ለፊትሽ ይቆማል። ያን ቀን ሳቅሽ ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። እኔን እንደ ከተማው ሰው ሁሉ «መምህር» ነበር የምትዪኝ፤ እሱን «አንተ ሲሳይ፣ ምን ያፈዝሃል?»። እሰማ ነበር። ማስመሪያዬን ጠበቅ አድርጌ እይዝና አንገቴን አቀረቅራለሁ።

ልኬቱን ወደ ራሴ መዝገብ ስለምገለብጥ፣ ሥዕሉ ያለበትን ደብተር የምታስቀምጪው አንቺ ነበርሽ። ባለፈው ሳምንት ከሣጥንሽ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ከየፀሐይዋ አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ፊቶች ሥለሻል። ሲሳይ አለ፤ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኖቹ ጎላ ጎላ ብለው። እኔም አለሁ። በሁሉም ገጽ በጎኔ ነኝ። በሁሉም ገጽ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለኝ።

አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ግድግዳውን ያሳዩንን ቀን ረስቼው መሰለሽ? «ጻድቅን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ እንሥላለን» አሉን። አንቺ ያን ሕግ ከፊደል ቀድመሽ የተማርሽ ሴት ነሽ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ በአንድ ዓይን ሣልሽኝ፤ እሱን ጻድቅ አደረግሽው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደብተሩን ላቃጥለው ክብሪት ሁሉ ፈልጌያለሁ።

በአራተኛው ቀን ሲሳይ ራሱ መጣ፤ ለሙት ዓመቱ ድንኳን ሊያግዘኝ። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ «ይኼ ምንድን ነው? አንተን በሁለት ዓይን፣ እኔን በአንድ!» አልኩት። ብዙ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ በጥፊ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«መምህር» አለኝ፣ «እኔ እኮ ካርቶኑ ላይ ምንም አይታየኝም ነበር። የት ጋ ነው? እያልኩ እሷን ነበር የማየው። እርስዎ ግን ከጎኗ ሆነው ያቀረቅራሉ፤ አንድ ቀን ቀና ብለው አያውቁም። ታዲያ ሁለተኛ ዓይንዎን ከየት አምጥታ ትሣለው?»

ከሄደ በኋላ ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። አንዱ ዓይኔ ክፉ አይደለም። ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ሠርተሽዋል። ጆሮዬ በልኩ ነው፤ ሚሊ ሜትር አልሸሸም። ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር ከገጽ ገጽ ሲሸብት አይታወቅም ብዬ ነበር፤ አንቺ መዝግበሽዋል። የፀሐይ ነጥብ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሻገረው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ እሱን አንድ ጠዋት ሳላስታጉል ለካሁ። አንቺ ደግሞ እኔን።

ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰበት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ያየሽውን ነው የሣልሽው። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ያላየሁትን ፊት ሲሳይ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቶታል። በዚህ ቀናሁበት፤ በዚህ እስክሞት እቀናበታለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰማዩ ስለጠራ ሲሳይን አስጠራሁት። ማስመሪያውን እጁ ላይ አስቀመጥኩና ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ አቆምኩት። እኔ ሄጄ እሱ ይቆምበት የነበረው ላይ ቆምኩ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ አንዱ ከጠርዙ ሊወርድ ደርሷል። ከዚያ ቀና አልኩ። ከዚያ ቦታ በርጩማሽ ፊት ለፊት ነው የሚታየው፤ ከበስተጀርባው ግድግዳው፣ ነጠላሽን ትሰቅዪበት የነበረው ምስማር።

ሲሳይ አቀርቅሮ «መምህር፣ ይኼኛውን ከየት እስከ የት ነው የምለካው?» ይለኛል። ዓይኔን ከበርጩማሽ አላነሳሁም። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ሁሉ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ቆሜ ቀና እላለሁ፣ ትርንጎዬ። ዘግይቻለሁ፤ በስንት እንደዘገየሁ ግን ለክቼ አልጨርሰውም።

ባልሽ