ከመታጠፊያው ያፈረስኩት ክምር

እህት ዓለም፣

ደሴትሽ ላይ ነፋሱ እንዴት ይዞሻል? ያ የብርዱ ወራት ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኛ በሸለቆው ትንኝ እየበላን፣ ዝናብ እየጠጣን አለን። አባባም እስከ ማክሰኞ ድረስ ደህና ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን እሱም እኔም በድንጋጤ ደርቀናል። 

አባባ አጋዘን ሲጠብቅለት የኖረው ርስት በመጨረሻ የብስክሌት መንገድ ሊከፍት ነው። አዎ፣ ያው እማማ በሕይወት ሳለች አንቺ ይከፈት ብለሽ የፈረምሽበት፣ አባባም አጋዘኖቼን ሊበትኑ ከመጡት ጋር ከቆምሽ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ ብሎ የተጣላሽበት መንገድ። ቀያሹም ሠሪውም እኔው ነኝ። ሳቂ እንግዲህ።

ማክሰኞ ጠዋት የኤክስካቫተር ነጂያችን ኢሽቤል እና እኔ ነጫጭ ዛፎቹ ያሉበት መታጠፊያ ደረስን። እዚያ ጉልበቴ የሚደርስ የድንጋይ ክምር አለ። መንገደኛ ድንጋይ መቆለል እንደሚወድ ታውቂያለሽ። በጭጋግ ያንን የመንገድ ምልክት ነው ብሎ የተከተለ ደግሞ ገደል ይገባል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እየዞርኩ ማፍረስ ሥራዬ ነው። ይህኛው ግን ከምዞርበት መንገድ ውጭ ስለሆነ እስከ ማክሰኞ አላየሁትም ነበር። ኢሽቤልም፣ አንተ ሰውዬ፣ ለመንገዱ ዳር ቦይ ድንጋይ አጣሁ ስትል ከርመህ ይኸው ተቆልሎልህ ምን ያስለምንሃል አለችኝ። አፍርሼ ቦዩ ውስጥ ደረደርኩት።

ለሻይ ቁጭ እንዳልን አባባ በከዘራው እየተደገፈ መጣ። ባዶውን ቦታ አይቶ ቆመ። የት አደረግኸው አለኝ። ምኑን አልኩት። እናትህን አለኝ። መጀመሪያ የሰደበኝ መስሎኝ ነበር።

ለካስ እማማን ወደ ላይኛው መቃብር በትከሻ ስንወስዳት፣ ተሸካሚ ለመለዋወጥ ሳጥኗን መጨረሻ ያሳረፍነው እዚያ ኖሯል። እኔ እንባዬ ጋርዶኝ ቦታውን ልብ አላልኩም። ሬሳ ባረፈበት ድንጋይ ማኖር የአያቶቻችን ወግ አይደል? አባባ ያን ወግ ይዞ፣ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ ሳይል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አንድ ድንጋይ ሲያኖር ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ኢሽቤል ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። ድንጋዮቹን አውጥተን ሣሩ ላይ አሰለፍናቸው። አባባ አሥራ አንድ ናቸው ብሎናል፤ የወጡት ግን ሃያ ሦስት ሆኑ። አሥራ አንዱ የወንዛችን ሻካራ ግራጫ ነው። አሥራ ሁለቱ ጥቁር፣ እንደ እንቁላል የለሰለሱ ናቸው። ሃያ ዓመት ድንጋይ የፈለጥኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የሚያለሰልስ ባሕር ብቻ ነው፤ እንዲህ የጠቆረውን ደግሞ ካንቺ ደሴት ዳርቻ በቀር የትም አላየሁም።

እነዚህን ማን ጨመራቸው ብዬ አባባን ብጠይቀው፣ መንገደኛ ይሆናላ፣ በዚህ አገር ማን አላፊውን ይጠይቃል አለኝ። ከዚያ ነጭ መስመር ያላትን አንዷን ጥቁር አነሳ። ይህቺ ግን ከሁሉም በፊት ነበረች አለ፤ በቀብሩ ማግሥት የመጀመሪያዬን ይዤ ስወጣ እሷ ቀድማ ተቀምጣ አገኘኋት፣ በላይዋ ላይ ጀመርኩ አለ። ይህቺማ ከእህቴ ደሴት ናት ስለው ድንጋይዋን አገላበጣት። ያ የእናቷን ሬሳ ያልሸኘች ልጄ አይደለችም ሲል የኖረ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

ክምሩን መልሰን ሠርተን የብስክሌቱን መንገድ አዙረነዋል። ያቺ ድንጋይ ግን አባባ ኪስ ውስጥ ቀረች። ጻፍላት አላለኝም። ትናንት ግን ያንቺን ክፍል መስኮት ከፍቶ ሲጠርግ ደረስኩበት።

እኔ ግን ተናድጄብሻለሁ። በየዓመቱ እስከዚያ መጥተሽ፣ የቤታችንን ጭስ እያየሽ ትመለሺ ነበር? እኔስ ምን በደልኩሽ?

ነይ። ባሕሩ ይታዘዝልሽ፣ መንገዱ ይቅናሽ፣ እኛንም ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ሳጥኗን የት እንዳሳረፍን ያየ ከኛ ከተሸካሚዎቹ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ያን ቀን ዝናቡ ለጉድ ነበር። ጃንጥላ እንኳ ይዘሽ ነበር?

ታናሽ ወንድምሽ